አሥራ ሰባተኛው ናሙና

ኢንስፔክተር ታክ ሱንሬ የተጠራችው የሩዝ ሾርባዋን ገና ሁለቴ እንደቀመሰች ነበር። የደም ምርምር ኢንስቲትዩቱ ስትደርስ ዶክተር ናም ዶሃ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወንበሩ ወደ ግራ ተንሸራቶ፣ ጉንጩን ወለሉ ላይ አሳርፎ ተጋድሟል። ቁስል የለበትም። የታገለ ሰውም አይመስልም፤ ሥራ ላይ እያለ እንቅልፍ የጣለው ይመስላል።

«ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው» አለ ረዳቷ ሳጅን ዎን። «ያገኘው ማ ጂሁክ የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከምሳ ሲመለሱ። ያቺን ጋን አዩዋት አለቃ? ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ክዳኗ ተከፍቷል። እየተነነ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል ይላሉ፤ ሽታም የለው፣ አያስልም። ሰውየው ሳይታወቀው ነው የሄደው። አደጋ ነው።»

«አንተ መዝገቡን ለመዝጋት መቼም አትሰንፍም» አለችው። ታክ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ጎንበስ ለማለት ሁልጊዜ የሆነ ነገር መደገፍ አለባት። አሁን ግድግዳውን ተደገፈች። እጇ ያረፈው ከአየር መጠቆሚያው ሣጥን አጠገብ ነበር፤ አየር ሲያንስ የሚጮኸው ሣጥን ነው። አየር በሚያስገባው ወንፊቱ ዙሪያ ጣቷ ተጣበቀ። አሸተተችው። የፕላስተር ሙጫ ነው፤ ነጭ የጨርቅ ክር ይዟል።

ውጭ ማ ጂሁክ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የኮምፒዩተሩን ስሌት የሚሠራው እሱ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

«በሩን ስትከፍት የክፍሉ አየር ማራገቢያ ይሠራ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር። ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ነው፤ እኔ ነኝ ያበራሁት። ከዚያ ጮህኩ፤ ሁሉም መጣ። ሲስተር ኦክ ናት ገብታ ትንፋሹን ያዳመጠችው።»

«ማራገቢያው ከውጭ የጠፋ ከሆነ ውስጥ ያለ ሰው አላጠፋውም ማለት ነው» አለች ታክ ለሳጅኑ ዞር ብላ። «አደጋህን ያዝልኝ።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ታክ ማ ጂሁክን መልሳ ወደ ክፍሉ አስገባችው። «ይህ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ንገረኝ። እናቴ ገበያ ላይ ዓሣ ሻጭ ናት፤ ለእሷ እንደምትነግራት አድርገህ።»

«እናትዎ ዓሣው ትኩስ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ዓይኑን አይታ። ማብረቅረቁን።»

«በቃ፣ እሱው ነው። አንዲት የደም ሴል ላይ አረንጓዴ ብርሃን እናሳርፋለን። አብዛኛው ብርሃን እንደሄደ ይመለሳል፤ በጣም ጥቂቱ ግን ቀለሙን ለውጦ ነው የሚመለሰው። የታመመች ሴል የምትመልሰው ቀለም ከጤነኛዋ ይለያል። የደም ካንሰር ሰውየው ምንም ሳይሰማው በፊት እዚህ ይታያል። ናይትሮጅኑ ያንን ትንሽ ብርሃን የሚያየውን የመሣሪያውን ዓይን ያቀዘቅዝልናል።» ከበሩ ውጭ ከተሰቀለበት ብርቱካንማ መነጽር አንሥቶ ሰጣት። «ያድርጉት፤ ሳያደርጉ ማየት ክልክል ነው።»

ታክ አደረገችው። ማ መብራቱን አጥፍቶ አንድ ቁልፍ ነካ። ጠበቀች።

«መቼ ነው የምታበራው ታዲያ? ሾርባዬ ቀዘቀዘ እኮ።»

«በርቷል ኢንስፔክተር። መነጽሩ አረንጓዴውን ውጦ ያስቀረዋል። ዓይን የሚያተርፈው በዚሁ ነው።»

ታክ «እንዲህ ነው እንዴ» ብላ መነጽሩን ወደ ቦታው መለሰች።

የምርምሩ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሶክ ኢንቤ ቢሮውን ክፍት አድርጎ ነበር የጠበቃት። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩን በጥንቃቄ አበጥሯል፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል። ከጀርባው ግድግዳው ላይ የጤና ሚኒስቴር ፈቃድ በመስተዋት ታቅፎ ተሰቅሏል፤ መሣሪያው ወደ ሆስፒታል እንዲገባ የሚፈቅድ ወረቀት ነው።

«ዛሬ ፈቃዱን ያገኘንበት የበዓላችን ቀን ነበር» አለ። «ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል ተነሥተን የዳክዬ ጥብስ ምግብ ቤት ሄድን። እስከ ሰባት አንድም ሰው ከጠረጴዛው አልተነሣም። ዶሃን ለምኜው ነበር። ‹ሥራ አለብኝ› አለኝ። አሥር ዓመት እንደ ልጄ ያሳደግኩት ሰው!»

«ለምን ቀረ?»

«ኩርፊያ ይወድ ነበር። ሲስተር ኦክ እንኳ አዝናለት የእሱን ድርሻ አስጠቅልላ መጣች። ያው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

ታክ የተቋጠረውን ምግብ አየችው። ገና ለብ ያለ ነው።

«ናም ከማ ጋር ይጣላ ነበር ይባላል።»

«ስለ መሣሪያው ባሳተምነው ጽሑፍ ላይ ስሜ ከስሙ በታች መጣ ብሎ ማ ለወራት አኩርፎታል። ግን እኮ ኢንስፔክተር፣ ሁላችንም ምሳ ላይ ነበርን። ሲስተር ኦክ አምስት ተኩል ላይ በሕይወት አይታዋለች። እንግዲህ ማንን ነው የሚጠረጥሩት? ዳክዬውን?»

ሲስተር ኦክ ቹንሂ የናሙና ክፍሉ ውስጥ ቱቦዎችን በተራ እየደረደረች ነበር። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ደም የምትቀዳው፣ የደም ሰጪዎቹን ስም የምትይዘው፣ ጠዋት ጠዋትም የናይትሮጅኑን ጋን የምትሞላው እሷ ናት። የምትናገረው በዝግታ ነው፤ ዓይኗን ግን አትሰብርም።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞልቼ ከደንኩት። ያኔ መብራቱ በርቶ ነው የምገባው፤ የእነሱ ብርሃን ከተለኮሰ በኋላ ገብቼ አላውቅም፤ ሥራዬም አይደለም። ከዚያ አምስት ተኩል ላይ ምሳ ይመጣ እንደሆነ ልጠይቀው ሄድኩ።»

«በሩን ከፈትሽው?»

«ስንጥቅ ያህል። መነጽሩን ከመስቀያው አንሥቼ አደረግኩ፤ ሕጉ ነው፤ አፍንጫዬ ላይ ሰፍቶኝ እየያዝኩት ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ቦግ ብሎ በርቷል፤ እሱ ጎንበስ ብሏል። ጠራሁት፤ ሳይዞር እጁን አነሣልኝ። መለስኩት በሩን።»

«መነጽሩን እንዳደረግሽ ነው ያየሽው?»

«አዎ። ዓይኔን የትም አልጥለውም።»

ታክ ይህን ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እንደምትጠይቅ ሰው፣ «ባለቤትሽስ ምን ይሠራል?» አለች።

የሲስተሯ እጅ ቱቦ ላይ ቆመ። «አርፏል። ባለፈው ክረምት።»

«ነፍስ ይማር። በምን?»

«ታሞ» አለችና መደርደሯን ቀጠለች።

የሬሳ መርማሪው የሞቱን ሰዓት ማወቅ አልቻለም። «ክፍሉ በረዶ ሆኖ ነበር፤ ጠዋት አራት ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ስድስት ተኩልም» አለ። ስለዚህ ሰውየው እስከ አምስት ተኩል በሕይወት እንደነበረ የሚናገረው የአንዲት ሴት ቃል ብቻ ነው። ይህ ቃል ደግሞ ሁሉንም ነው ያዳናቸው፤ ማንም ሊጠይቀው ያልፈለገው ለዚህ ነው።

«ውሸታም መሆኗን እናውቃለን» አለ ሳጅን ዎን በማግስቱ። «እንያዛት።»

«ለምን እንደዋሸች ሳላውቅ አልይዛትም። ሰው የሚዋሸው በገደለ ጊዜ ብቻ አይደለም። አንተ ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ ነው ብለህ ኳስ አልተመለከትክም?»

ዎን የእጅ ሰንሰለቱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ታክ ከማ ጂሁክ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የታተመውን ጽሑፍ አወጣች። ብርሃኑ አርባ ጤነኞችን አይቶ አንዱንም በስሕተት በሽተኛ አላለም ይላል፤ ፈቃዱም የተገኘው በዚህ ነው። ጤነኞቹ ከየሰፈሩ በፈቃዳቸው ደም የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ በቁጥር ብቻ ነው የሚጠሩት። ታክ ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ስምንት ይዘላል። መጨረሻው አርባ አንድ ነው።»

ማ አንገቱን አከከ። «አሥራ ሰባት ተሰርዟል። ብርሃኑ ‹ታማሚ› ብሎት ነበር። የመሣሪያ ስሕተት ነው ተባለ።»

«ማን ሰረዘው?»

«መዝገቡ ላይ ያለው የዶክተር ናም ስም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ግንቦት አሥራ አራት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ማንም። እ…» ቆም አለ። «ባለፈው ወር ሲስተር ኦክ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያሉትን አሮጌ ቱቦዎች ልትለይ ሙሉውን ዝርዝር ጠይቃኝ ሰጥቻታለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ይዛው ዋለች። ስትመልስልኝ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አሞሻል እንዴ ስላት ‹ምሳ አልበላሁም› አለችኝ።»

የደም ሰጪዎቹ ስም ያለበት ፖስታ በሲስተር ኦክ ቁም ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ነበር። ታክ የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥታ ከፈተችው። የአሥራ ሰባተኛው ሰው የፈቃድ ወረቀት ላይ ያለው ስም ኩክ ቴሁን ይላል፤ ሙያ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፤ አድራሻው የሲስተር ኦክ ቤት ነው። ከሆስፒታል የመጣው የሞት ማስረጃ ደግሞ ኩክ ቴሁን የሞተው በደም ካንሰር መሆኑን፣ በሽታው የታወቀው ደም ለኢንስቲትዩቱ ከሰጠ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ መሆኑን ይናገራል።

ሳጅን ዎን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። «ብርሃኑ አይቶት ነበር ማለት ነው።»

«አይቶት ነበር። አንድ ሰው ደግሞ ሰርዞታል።» ታክ ተነሣች፤ ጉልበቷን ያዘች። «አሁን አንድ ነገር ይቀረናል። የናም እናት ሞክፖ ከተማ ናቸው አይደል? ደውልላቸው። አባቱ የሞቱት መቼ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

«ይህን ከየት አመጡት?»

«ቢሮው ጠረጴዛ ላይ የአባቱ ፎቶ አለ፤ ጥቁር ሪባን የታሰረበት። ከሥሩ ዓመቱና ወሩ ተጽፏል። ግንቦት ይላል፤ ቀኑን ግን አይልም።»

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ታክ ሁሉንም በዚያች ጠባብ ክፍል በር ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ፕሮፌሰር ሶክ፣ ማ ጂሁክ፣ ሲስተር ኦክ። ሳጅን ዎን መውጫው ላይ ቆመ። የታክ ድምፅ እንደወትሮው ነው።

«ጊዜያችሁን አልወስድም» አለች። «ሲስተር፣ ያን ዕለት ያደረግሽው መነጽር ይህ ነው?»

«አዎ።»

«አድርጊውና በሩ ላይ ቁሚልኝ። ማ፣ ኃይሉን ዝቅ አድርገህ አብራልን፤ ዓይን እንዳይጎዳ። ሲስተር፣ ሲበራ ንገሪኝ።»

መብራቱ ጠፋ። ማ ቁልፉን ነካ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ለጋ ቅጠል የሚያበራ አረንጓዴ ነጥብ ወጣ፤ ነጸብራቁ የፕሮፌሰሩን ሸሚዝ ነካ። ሲስተር ኦክ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«በራ?» አለች ታክ።

«ገና ነው።»

ፕሮፌሰሩ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አውልቂው ሲስተር።»

አወለቀችው። አረንጓዴውን ነጥብ አየች። ለረዥም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ መነጽሩን በጥንቃቄ አጥፋ ለማ ሰጠችው።

«መነጽሩን ካደረግሽ አረንጓዴ አይታይሽም» አለች ታክ። «እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ብርሃኑ ከተለኮሰ በኋላ ገብታ ከማታውቅ ከአንቺ በቀር። አምስት ተኩል ላይ በሩን አልከፈትሽም። ሰውየው ያኔ ሞቶ ነበር። እጁን አነሣልኝ ያልሽው ሞቱ ምሳ ሰዓት ላይ እንዲውል ነው፤ ያኔ ሁላችሁም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበራችሁ። ድርሻውን ያስጠቀለልሽውም ለዚሁ ነው፤ ለሞተ ሰው ምግብ የሚቋጥር የለምና።

ጠዋት ጋኑን ሞላሽ፤ ክዳኑን አልመለስሽም። የመጠቆሚያውን ወንፊት ደም ስትቀጂ በምትለጥፊው ፕላስተር ሸፈንሽ። ናም ብርሃኑን ለኩሶ ሥራውን ሲጀምር ማራገቢያውን ከውጭ አጠፋሽ። ማ ሲጮህ ቀድመሽ ገባሽ፤ ሁሉም የሞተውን ሲያይ አንቺ ፕላስተሩን አነሣሽ። ሙጫውን ግን ለማንሣት ጊዜ አልነበረሽም። ለምን እንዳደረግሽው እኔ ልናገር ወይስ አንቺ?»

ሲስተር ኦክ ወደ ማንም አላየችም።

«ቴሁን ደም መስጠት አይወድም ነበር» አለች። «መርፌ ይፈራል፤ ያን የሚያህል አውቶቡስ የሚነዳ ሰው። አንድ ጤነኛ ጎደለን ብዬ ለምኜ አመጣሁት። ከዓመት በኋላ ሐኪሙ ‹ዘግይታችኋል› ሲለን እጄን ይዞ ‹ምን ታደርጊ፣ ማን ያውቃል› አለኝ። ማን ያውቃል!» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ባለፈው ወር ዝርዝሩን አየሁት። ታማሚ ይላል። ሦስቴ ተለክቷል። ሦስቴም ታማሚ። ከዚያ ሰረዝ፤ ከሥሩ ናም ዶሃ። ቤቴ መጥቶ ከቴሁን ጋር ሶጁ አረቄ የጠጣ ሰው ነው። ለቅሶው ላይ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሟል። ስለ አሥራ ሰባት ታስታውሳለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ ነጣ። ‹ስለሱ አትጠይቂኝ፣ አፍሬበታለሁ› አለ። ሌላ ምን ልጠብቅ?»

ታክ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ልታነበው እንደማትፈልግ ያስታውቅባት ነበር።

«አሥራ ሰባት የተሰረዘው ግንቦት አሥራ አራት ነው። ናም ግንቦት አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ሞክፖ ነበር፤ አባቱን ሲቀብር። እናቱ ለቀስተኛው የፈረመበትን መዝገብ አሳይተውናል። ማ ፈርሟል። አንቺም ፈርመሻል ሲስተር፣ አሥራ አራተኛው ቀን ላይ። ያልመጣው አንድ ሰው ነው፤ የአበባ ጉንጉን ልኮ የቀረው። ናም ሥራው እንዳይቆም ብሎ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃሉን የተወለት ሰው።»

ማ ጂሁክ ቀስ ብሎ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ።

«ይህ ናም ተመልሶ ለፕሮፌሰር ሶክ የጻፈው ነው» አለች ታክ፤ አነበበችው። «‹ፕሮፌሰር፣ አሥራ ሰባት በእኔ ስም ተሰርዞ አገኘሁት። እኔ አባቴን እየቀበርኩ ነበር። ብርሃኑ ሦስቴ ተለክቶ ሦስቴም ያው ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አልተፈቀደልኝም። እርስዎ ግን ፖስታውን ማስከፈት ይችላሉ። ሆስፒታል ሄዶ እንዲመረመር አንድ ሰው ይንገረው፤ እባክዎ።› እንዲህ ያለ ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፏል። መልሱ አንድ ነው፤ ‹ማሽንም አንዳንዴ ያስነጥሰዋል። ጽሑፍህን ጨርስ፣ ካልሆነ ቦታህን ለሌላ ልቀቅ።›»

ፕሮፌሰሩ ከንፈሩን አረጠበ። «ጽሑፉን ለመላክ ሦስት ቀን ነበር የቀረው» አለ። «አንድ ቁጥር ነበር። አንድ ቁጥር ብቻ። በእውነት ስሕተት መስሎኝ…»

«ስሕተት ከመሰለዎ በራስዎ ስም ይሰርዙት ነበር» አለችው ታክ። ወደ ሲስተሯ ዞረች። «ናምም ንጹሕ አይደለም። ቦታውን ፈርቶ ሁለት ዓመት ዝም ብሏል፤ በዓሉ ላይ አልመጣም ያለውም፣ ያፈረውም በዚህ ነው። ግን አሥራ ሰባት ባልሽ መሆኑን አያውቅም ነበር። የሰረዘውም እሱ አይደለም።»

ሲስተር ኦክ ግድግዳውን በመዳፏ ነካች፤ መደገፍ የፈለገች ትመስል ነበር፤ ግን አልተደገፈችም። ወደ ፕሮፌሰሩ ሄዳ ክንድ በሚያህል ርቀት ቆመች። ሳጅን ዎን ተንቀሳቀሰ፤ ታክ በእጇ አቆመችው።

«አሥራ ሰባት ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር?» አለችው ሲስተር ኦክ።

«አላውቅም። እምልልሻለሁ፤ አልጠየቅኩም።»

«ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር። ጠረጴዛዬ ከበርዎ ሦስት እርምጃ ነው። ጠዋት ጠዋት ‹ሰላም አደርሽ› ይሉኝ ነበር እኮ።»

መልስ አልጠበቀችም። ዞራ ለሳጅን ዎን ሁለት እጇን ሰጠችው። በኮሪደሩ ሲሄዱ የናም ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ታክ ክንዷን ይዛ ጠበቀቻት። ሴትየዋ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን ታክ አልጠየቀችም።

ጽሑፉ ከታተመበት መጽሔት ተነሣ፤ ፈቃዱም ታገደ። ፕሮፌሰር ሶክ ከሥራው ተሰናብቶ ለፍርድ ቀረበ፤ የተፈረደበት ግን መዝገብ በማጭበርበር ነው፤ በሰው ነፍስ የሚያስጠይቀው አንቀጽ አልተገኘም። ማ ጂሁክ የቀሩትን ናሙናዎች ከሌላ ሆስፒታል ሰዎች ጋር እንደገና ለካ። አሥራ ሰባት ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ፤ ከቁጥሩ አጠገብም «ብርሃኑ ትክክል ነበር» ተብሎ ተጻፈ።

ሲስተር ኦክ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባት። ይግባኝ አልጠየቀችም። ከእስር ቤት ለናም እናት ወደ ሞክፖ ደብዳቤ ጻፈች፤ በሦስተኛው ሳምንት ሳይከፈት ተመለሰ። እንደገና ጻፈች። እሱም ተመለሰ። ታክ አንድ ቅዳሜ ልትጠይቃት ሄዳ ሦስተኛውን ስትጽፍ አገኘቻት።

«አይከፍቱትም እኮ» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ሲስተር ኦክ፤ ብዕሯንም ከወረቀቱ አላነሣችም።